በሰው አገር ባሕር ላይ ያገኘነው የሐበሾች ምሽግ



አምና ከጠቅላላ ስብሰባችን በኋላ ጠላ ቢጤ ቀርቦልን በተቀመጥንበት አንድ አዛውንት አባላችን «እናንተ ሕንድ አገር ድረስ ሄዳችሁ መጥታችኋል፤ ለመሆኑ ምን አያችሁ? ወይስ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስትንከራተቱ ብቻ ከርማችሁ መጣችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኛም «ያየነውስ ነገር አለ፤ ግን በአንድ ብርሌ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም፤ ለመጽሔታችን እንጽፈዋለን» ብለን ቃል ገባን። እነሆ ቃላችንን ለመጠበቅ ያህል እንጽፋለን። ስለ ሕንድ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

ለሕንድ ያበቃን ሽርሽር አልነበረም። ታላቅ ወንድማችን በጠና ታሞ፣ ደብረ ማርቆስም አዲስ አበባም ቢመላለስ ስላልተሻለው፣ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ፣ በሬም ተሽጦ፣ ሁለት አስታማሚ ሆነን ወደ ሙምባይ ይዘነው ሄድን። ሙምባይ ማለት የዱሮዋ ቦምቤይ ናት። በሽተኛችን ከአውሮፕላን ሳይወርድ ጀምሮ የሚያነሣው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «እዚህ ከሞትኩ እዚህ እንዳትቀብሩኝ። አደራ! ሬሳዬን ሉማሜ አድርሱልኝ፤ ጥሩምባ ይነፋልኝ፤ የማውቀው ሰው አፈር ያልብሰኝ» ይለን ነበር። እኛም «ኧረ ዝም በል፤ ማን ሞት አለህ?» እንለዋለን እንጂ ሌሊት ሌሊት የሬሳ መመለሻው ስንት እንደሚሆን በጣታችን ስንቆጥር እናድር ነበር። የአባላት ነገር ነውና ይህን ስንናገር አናፍርም፤ በዚያ ጭንቀት ያለፈ ሰው ያውቀዋል።

የተከራየናት ክፍል ዘበኛ ሸምገል ያለ ደግ ሰው ነበር። ከየት መጣችሁ ብሎ በእጁም በአፉም ጠየቀን። «ኢትዮጵያ» ብንለው አልገባውም። «አዲስ አበባ» ብንለው ጭራሽ ግራ ተጋባ። በመጨረሻ ከሁለታችን አንዳችን ሳናስበው «ሐበሻ» ስንል ፊቱ በራ። «ሐብሺ! ሐብሺ!» አለና ወደ ደቡብ እየጠቆመ፣ እጁን እንደ ማዕበል እያወዛወዘ አንድ ነገር ነገረን። እንግሊዝኛ የሚሞክር የልጅ ልጁ መጥቶ ሲያስተረጉምልን፣ «ባሕር መሐል የሐበሾች ግንብ አለ፤ ብዙ ንጉሥ ወግቶት ማንም ወስዶት አያውቅም ይላል» አለን። እንዴ! በሕንድ አገር የሐበሻ ግንብ? ለወንድማችን ብንነግረው ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀ። የምርመራው ውጤት እስኪደርስ ሦስት ቀን ጠብቁ ተብለን ስለነበር «ሂዱና እዩት፤ እናንተ ተቀምጣችሁ ስታፈጡብኝ ሞቴን የምትጠብቁ ይመስለኛል» ብሎ አባረረን። እዚያው እናቷን ልታሳክም የመጣች አንዲት ያገራችን ልጅ እሱንም እንድታይልን አደራ ሰጥተን ተነሣን።

ቦታው ጃንጂራ ይባላል። ከሙምባይ ወደ ደቡብ 165 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሙሩድ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው። ስሙ የመጣው «ጀዚራ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል ነው፤ ደሴት ማለት ነው። ከአውቶቡስ ወርደን ራጃፑሪ ከሚባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ሸራ የተወጠረላት ጀልባ ተሳፈርን። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ውኃ ማለት ለእኛ ዓባይ ነው፤ እሱንም ቢሆን በድልድይ ነው የምንሻገረው። ጀልባዋ ዘንበል ባለች ቁጥር የምንጠራው ታቦት ብዙ ነበር። ሕንዶቹ ይሥቁብናል።

ከፊታችን ግንቡ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ዙሪያውን ክብ ክብ ማማዎች አሉት፤ አስጎብኚያችን 19 ናቸው ብሎ ቆጠረልን። በር ግን የለውም! ዞረን ዞረን ልንነካው ስንቀርብ ነው በሁለት ማማዎች መካከል ተሸሽጎ የነበረው በር የታየን። ጠላት ከሩቅ ሆኖ በሩን እንዳያይና በመድፍ እንዳይመታው ታስቦ የተሠራ ነው። በበሩ ግድግዳ ላይ አንድ አውሬ ዝሆኖችን በጥፍሩ ጨምድዶ ሲይዝ የሚያሳይ የድንጋይ ቅርጽ አለ። ትርጉሙን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ «ትልቅ ነኝ ብለህ እንዳትመጣብኝ» ማለት ነው።

ውስጡ ፍርስራሽ ነው። የሹሙ ቤት ፎቆቹ ወድቀው ግድግዳው ብቻ ቆሟል፤ በመስኮቱ በኩል ሰማይ ይታያል። የእኛን ዋርካ የሚመስል ዛፍ ሥሩን በድንጋዩ መካከል ሰድዶ ግንቡን አቅፎታል፤ አፈረሰው ወይስ ደግፎ አቆመው ለማለት ያስቸግራል። የዛጉ ታላላቅ መድፎች አፋቸውን ወደ ባሕር እንዳደረጉ ተቀምጠዋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ካላል ባንግዲ ይባላል። ከሁሉ የገረመን ግን በጨው ባሕር መካከል፣ በግንቡ ውስጥ፣ ሁለት የጣፋጭ ውኃ ኩሬዎች መኖራቸው ነው። ምሽጉ ሳይያዝ የኖረበት አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው፤ የከበበው ጠላት ውኃ ሊያስጠማው አይችልም።

ይህን ያቆሙትና ለብዙ ዘመን የገዙት ሲዲዎች ወይም ሐብሺዎች የሚባሉ፣ መነሻቸው ከአፍሪካ ምሥራቅ፣ አብዛኛውንም ከእኛው አካባቢ የሆነ ሰዎች ናቸው። የማራታው ታላቅ ንጉሥ ሺቫጂ ደጋግሞ ሞክሮ አልተሳካለትም። ልጁ ሳምባጂ በ1682 ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ መንገድ ሊሠራ ጀምሮ አቃተው። ያቁት ኻን የሚባለው የሲዲዎች አለቃ በ1689 በመርከብ ቦምቤይ ድረስ ሄዶ እንግሊዞችን በራሳቸው ምሽግ ከብቧቸዋል። የጃንጂራ ሲዲዎች መንግሥት እየተዳከመም ቢሆን እስከ 1948 ቆይቶ በዚያ ዓመት ነው ከሕንድ ጋር የተቀላቀለው።

ይህን ስንሰማ ደረታችን ተነፋ። አብሮን በጀልባ የመጣ አንድ ሕንዳዊ ተማሪ ነበር፤ ወደሱ ዞር ብለን «እነዚህ እኮ የእኛ ሰዎች ናቸው!» አልነው። ልጁ በክፋት አልነበረም፤ ለማወቅ ብሎ «እንዴት ነው እዚህ የመጡት?» ሲል ጠየቀን። አስጎብኚው ቀደም ብሎ «አብዛኞቹ ተሸጠው ነው» አለው። ልጁ እንደገና ወደ እኛ ዞሮ «ታዲያ ማን ሸጣቸው?» አለ።

መልስ አልነበረንም። ከመድፉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ባሕሩን አየን። ይህች ጽሑፍ የተጻፈችው ያን ጊዜ ያልመለስነውን ጥያቄ አሁን በአገራችን ለመመለስ ነው።

ነገሩን በአንድ ሰው ታሪክ ብናየው ይቀላል። ማሊክ አምባር የሚባለው ሰው በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። ጊዜው የአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው፤ ግራኝ አሕመድ ወይና ደጋ ላይ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። አገሩ በጦርነት ታምሶ ነበር፤ ምርኮኛ በሁለቱም ወገን ይሸጥ ነበር። አፄ ገላውዴዎስ ራሳቸው በዚያው በ1548 ክርስቲያን እንዳይሸጥ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጅ መውጣቱ ድርጊቱ መኖሩን ይመሰክራል። የሚከለክለውም ክርስቲያኑን እንዳይሸጡ ነው እንጂ ሌላውን አይደለም።

ሕፃኑ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ውስጥ ሞካ ላይ ተሸጠ። በኋላ ያገኘው ፒተር ቫን ደን ብሩክ የሚባል የሆላንድ ነጋዴ ዋጋው 20 ዱካት ወርቅ እንደነበረ ጽፏል። ከዚያ ወደ ባግዳድ ተወሰደ፤ የገዛው ነጋዴ አስተማረው፤ አምባር የሚለውንም ስም ሰጠው። እናቱ ያወጣችለት ስም በዚያው ቀረ። ቀጥሎ ደካን ወደሚባለው የሕንድ ደጋ ተጭኖ አህመድናጋር ለሚባለው መንግሥት ዋና ሹም ተሸጠ። ይህ ሹም ቻንጊዝ ኻን ይባላል፤ እሱም ራሱ ዱሮ የተሸጠ ሐበሻ ነበር።

የደካን ነገሥታት ሐበሻ የሚገዙት ለምን ነበር ቢሉ፣ ለጦር ነው። ያገሩ መኳንንት ወንድምና አማች፣ ርስትና ወገን ስላላቸው ዛሬ ከንጉሡ ጋር ቢሆኑ ነገ ከዘመዳቸው ጋር ያድማሉ። ከባሕር ማዶ የተሸጠ ልጅ ግን ዘመድ የለውም፤ ከጌታው በቀር ማንም የለውም። የገዙት ጉልበቱን ብቻ አይደለም፤ ወገን ማጣቱን ነው። እኛ የዕድር ሰዎች ይህን ቃል ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል። ዕድር ማለት ሰው ወገን አያጣም ማለት ነውና።

ቻንጊዝ ኻን ሲሞት አምባር ነጻ ወጣ። መጀመሪያ በቢጃፑር መንግሥት ወታደር ሆኖ ማሊክ የሚለውን ማዕረግ አገኘ። እንደሱ ዘመድ የሌላቸውን ሐበሾች እያሰባሰበ የራሱን ጦር አበጀ፤ ያጣውን ወገን በገዛ እጁ ሠራ ማለት ነው። በ1600 የሰሜን ሕንድ ኃያላን የሆኑት ሙግሎች የአህመድናጋርን ከተማ ሲይዙ አምባር ከንጉሣዊው ዘር አንድ ልጅ አንሥቶ አነገሠና ራሱ እንደራሴ ሆኖ እስከ 1626 ድረስ አገሩን ጠበቀ። የሙግሎችን ከባድ ጦር ፊት ለፊት አልገጠመም፤ በቀላል ፈረሰኛ ስንቃቸውን እየቆረጠ፣ ሌት እየመታ፣ ገደል ውስጥ እየሳበ አደከማቸው። የእኛ አርበኞች በጣሊያን ጊዜ ያደረጉት ዓይነት ውጊያ ነው። አብረውት ከተዋጉት የማራታ አለቆች አንዱ የሺቫጂ አባት ነው፤ ሺቫጂም በኋላ የታወቀው በዚሁ ውጊያ ነው።

የሙግሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ሊይዘው ባለመቻሉ በጣም ተናደደ። ሠዓሊውን አስጠርቶ ራሱ በቀስት የአምባርን የተቆረጠ ራስ ሲመታ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። ሥዕሉ ዛሬ አየርላንድ ደብሊን ከተማ ውስጥ ይገኛል። በእውኑ ግን ራሱን ሊያገኘው አልቻለም፤ አምባር ወደ 80 ዓመት ተጠግቶ በሕመም አልጋው ላይ ሞተ። በ1610 ካድኪ የሚባል ከተማ ቆርቁሮ ነበር፤ ከተራራው በመሬት ውስጥ ለውስጥ ውኃ የሚያመጣ ቦይም አሠርቶለታል። ከተማው በኋላ አውራንጋባድ ተባለ፤ በ2023 ደግሞ ስሙ እንደገና ተለውጧል። ልብ በሉ፤ አምባር የሞተው አፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው 10 ዓመት ቀድሞ ነው። እኛ ቋሚ ዋና ከተማ ሳይኖረን የእኛው የተሸጠ ልጅ በሰው አገር ከተማ ቆርቁሯል።

ታሪክ ጸሐፊ ግን ጥሩውን ብቻ መርጦ አይናገርም። ከተሸጡት መካከል የተሾሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ስማቸው ሳይታወቅ በየመርከቡና በየጦር ሜዳው የቀሩት ቁጥር የላቸውም። የተሾሙትም ቢሆኑ የሌላ ሰው ልጅ ወስደዋል፤ የጃንጂራ ሲዲዎች የባሕሩን ዳርቻ መንደሮች እየወረሩ ሰው ይማርኩ ነበር። በደል የደረሰበት ሁሉ በደልን ይጠላል ማለት አይቻልም።

ከጃንጂራ ስንመለስ በራጃፑሪ አቅራቢያ ኮክሪ የሚባል ቦታ ወሰዱን። ሦስት የድንጋይ መቃብሮች አሉ፤ የሲዲ ሹማምንት ያረፉባቸው ናቸው፤ ያቁት ኻን ከነሱ አንዱ ነው። የአምባር መቃብር ኩልዳባድ የሚባል ሩቅ ቦታ ስለሆነ ሄደን ለማየት አልቻልንም፤ የሚስቱ የቢቢ ካሪማ መቃብርም አጠገቡ ነው። በኮክሪ ሣሩ ላይ ቆመን የወንድማችን አደራ ትዝ አለን። «የማውቀው ሰው አፈር ያልብሰኝ» ነበር ያለው። እነዚህ ሰዎች ያማረ መቃብር አላቸው፤ ግን እናቶቻቸው ሞተው ይሁን ቆመው ሳያውቁ፣ እርም ሳያወጡ ነው የቀሩት። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ማለቂያ የለውም፤ ይህን እኛ እናውቃለን።

ወንድማችን በእግዜር ቸርነት ሕክምናው ያዘለትና አገሩ ገባ፤ ሁለት ዓመትም ተጨመረለት። ሲሞት ጥሩምባው ተነፋ፤ እናንተው ቀበራችሁት። ከመሞቱ በፊት ስለ ምሽጉ ደጋግሞ ይጠይቀን ነበር። አንድ ቀን «የተማሪውን ጥያቄ መለሳችሁ ወይ?» አለን። «አልመለስንም» ብንለው፣ «መልሱ እኮ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ባሶን ረሳችሁት?» አለን።

እውነቱን ነው። ባሶ ከእኛ የማይርቅ፣ የጁቤ ዘንድ የነበረ ገበያ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከዓባይ ወዲህ ካሉት ገበያዎች ስሙ የገነነ ነበር። ከሰሜን አሞሌ ጨው ይመጣል፤ ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከዚያ ወዲያ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ዝባድና ሰው ይመጣል። አዎ፣ ሰው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1842 የጁቤ ተቀምጦ ይህን ገበያ ጽፎታል። ከባሶ የተገዛው ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ወይም ወደ መተማ ይነዳ ነበር። በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ የተዋጉበት አንዱ ምክንያትም የዚህ የዓባይ ማዶ ንግድ ነው። አምባር በባሶ አለፈ አንልም፤ የሱ ዘመን ሌላ፣ መንገዱም ሌላ ነው። ነገር ግን «ማን ሸጣቸው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ዓረብ ብቻ፣ ቱርክ ብቻ አይደለም። በአሞሌ የለወጠ፣ ቀረጥ የተቀበለ፣ በገበያው አልፎ አይቶ ዝም ያለ የእኛም ሰው አለበት።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። በዚያ ባሕር ማዶ የተሸጠው ሁሉ «ሐብሺ» ይባላል። ከነሱ ብዙዎቹ ግን እኛ ደገኞቹ ሐበሻ ብለን የማንቆጥራቸው፣ በንቀት ስም የምንጠራቸው ሰዎች ልጆች ነበሩ። አገራቸው ሳሉ ወገኖቻችን ናቸው አላልንም፤ ግንብ ሠርተው ስናይ «የእኛ ሰዎች» አልን።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ነው። ገበያው ጠፍቷል፤ ቃሉ ግን አልጠፋም። ዛሬም ሰው ሲጣላ በዚያ ቃል ይሰዳደባል። ዛሬም ልጅ ሲዳር «አጥንቱ ምንድን ነው?» ተብሎ በሹክሹክታ ይጠየቃል። ከጥቂት ዓመት በፊት በአንድ የለቅሶ ድንኳን፣ ስሙን አንጠራም፣ ወጥ ቤት ውስጥ በተነሣ ጠብ ይህ ቃል ተነግሮ የሰማችው ሴት ንፍሮውን ጥላ አልቅሳ ስትሄድ አይተናል። እኛም እዚያው ነበርን፤ ዝም አልን። የባሶን ገበያ አይቶ ዝም ካለው ሰው በምን ተሻልን?

ስለዚህ ሁለት ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። አንደኛ፣ በደንባችን ውስጥ በለቅሶ ቤት ጠብ ለሚያነሣ ቅጣት አለ፤ አባልን በዘሩ መስደብም በዚያው አንቀጽ ተለይቶ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ውይይት ይደረግበት። ሁለተኛ፣ ስለ ባሶ ገበያ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁ አዛውንት አላችሁ፤ መንገዱ በየት ያልፍ እንደነበር፣ ሸክም የሚወርደው የት እንደነበር፣ ከዓባይ ማዶ መጥቶ በዚህ የቀረ ሰው ካለ ታሪኩ እንዴት እንደሆነ ለጸሐፊያችን ንገሩት፤ በከርሞው መጽሔት ይውጣ። ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ የሰው ስምም አይጠራም። ያ ተማሪ ዳግመኛ ቢያገኘን ዝም ብለን እንዳናፍር ያህል ነው።

ዕድራችን ሲመዘግበን አጥንታችንን አይጠይቅም፤ መዋጮ ከፍለናል ወይ፣ ቀብር ቆመናል ወይ ብቻ ነው የሚለን። ጥሩምባውም ሲነፋ ለሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያለው። ይህ ያባቶቻችን ደንብ በቀብር ቀን ብቻ ሳይሆን በሌላውም ቀን ይሥራልን እንላለን።

ዓመት ዓመት ያድርሰን።